ሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅን፦ በሦስት መንግሥታት ዘመን የዘለቀ የቴአትር አገልግሎት

የኢትዮጵያን ዘመናዊ ቴአትር በጸሐፌ ተውኔትነት፣ በአዘጋጅነትና በቴአትር ቤት መሪነት ካገለገሉ ባለሙያዎች መካከል ሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅን በግንባር ቀደምትነት ይጠቀሳሉ። በሥራ ዘመናቸው ሦስት የተለያዩ ሥርዓተ መንግሥታትን ያዩ ሲሆን፣ በአንድ በኩል የመንግሥት ተቋም ኃላፊ፣ በሌላ በኩል ደግሞ ተውኔቶቻቸው በሳንሱር የሚታገዱባቸው ደራሲ ሆነው አገልግለዋል።

ሎሬት ጸጋዬ በአምቦ አቅራቢያ በምትገኘው ቦዳ ነሐሴ 11 ቀን 1928 ዓ.ም. ተወለዱ። አባታቸው ኦሮሞ፣ እናታቸው ደግሞ አማራ ሲሆኑ፣ በልጅነታቸው ከሁለቱም ቋንቋዎች በተጨማሪ በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ግዕዝን ቀስመዋል። ገና በአምቦ ተማሪ ሳሉ የንጉሥ ዲዮኒስዮስን ታሪክ መነሻ ያደረገ ተውኔት ጽፈው ንጉሠ ነገሥቱ በተገኙበት ለመድረክ በቅቷል። ከዚያም በአዲስ አበባ በጄኔራል ዊንጌትና በንግድ ሥራ ትምህርት ቤቶች ተምረዋል።

ወደ አሜሪካ በማቅናት በቺካጎ የሕግ ትምህርታቸውን በ1951 ዓ.ም. አጠናቀቁ። ይሁን እንጂ የሕይወታቸውን አቅጣጫ የወሰነው ሕግ ሳይሆን ቴአትር ነበር። የትምህርት ዕድል አግኝተው በለንደን ሮያል ኮርት ቴአትርና በፓሪስ ኮሜዲ ፍራንሴዝ የመድረክ ጥበብን አጥንተው ወደ አገራቸው ተመለሱ።

በወቅቱ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ይባል የነበረው የዛሬው ብሔራዊ ቴአትር የተመረቀው በ1948 ዓ.ም. ነው። ሎሬት ጸጋዬ በዚህ ቴአትር ቤት ለአሥር ዓመታት ያህል በኪነ ጥበብ ኃላፊነት ሠርተዋል። ከእርሳቸው በፊት በነበሩት ተውኔቶች የነገሥታት ታሪክና የግብረ ገብ ምክር ጎልቶ ይታይ ነበር። እርሳቸው ግን እንደ “ሊስትሮ”፣ “ኮሾ ሲጋራ” እና “የከርሞ ሰው” ባሉ ሥራዎቻቸው የከተማውን ተራ ነዋሪ ኑሮና ጭንቀት ወደ መድረክ አወጡ። ከዚህም ሌላ የሼክስፒርን “ኦቴሎ”፣ “ማክቤዝ” እና “ሐምሌት” ወደ አማርኛ በመመለስ ቋንቋው ከፍተኛ የዓለም ተውኔቶችን መሸከም እንደሚችል አስመስክረዋል። ወጋየሁ ንጋቱንና ደበበ እሸቱን የመሳሰሉ ተዋንያንም በሥራዎቻቸው ተውነዋል። በግጥም ረገድም “የጸጋዬ ቤት” ተብሎ የሚታወቀውን ስልት ለአማርኛ አበርክተዋል።

በ1961 ዓ.ም. የጻፉት “ጴጥሮስ ያቺን ሰዓት” የፋሺስት ጦር ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በጥይት የገደላቸውን አቡነ ጴጥሮስን የሚዘክር ነው። ደራሲው የተወለዱት ከዚህ ዕለት 19 ቀናት በኋላ በመሆኑ፣ ሰማዕትነቱ ለትውልዳቸው የሩቅ ዘመን ታሪክ አልነበረም።

በእንግሊዝኛ የጻፉት “ኦዳ ኦክ ኦራክል” በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1965 ታትሞ ስማቸውን ከአገር ውጭ አስተዋውቋል። በቀጣዩ ዓመት የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሽልማት ድርጅትን ሽልማት ሲቀበሉ ዕድሜያቸው ገና 30 ዓመት ገደማ ነበር። ሽልማቱና ኃላፊነቱ ግን ከሳንሱር አላዳኗቸውም።

የ1966ቱ አብዮት ከፈነዳ በኋላ ቴአትር ቤቱን በሥራ አስኪያጅነት መርተዋል፤ ለአጭር ጊዜም የባህልና ስፖርት ምክትል ሚኒስትር ሆነው ሠርተዋል። “ሀሁ በስድስት ወር” የተሰኘው ተውኔታቸው ለውጡን ተከትሎ የመጣውን ተስፋና ግርግር በማሳየቱ ብዙ ተመልካች ስቧል። “እናት ዓለም ጠኑ” ደግሞ ከጀርመናዊው ቤርቶልት ብሬሽት “እናት ኩራዥ” የተወሰደ ነው። መነሻው ተውኔት በጦርነት ንግድ ስትኖር ሦስት ልጆቿን በጦርነቱ የምታጣ እናትን ታሪክ ይተርካል። አገሪቱ ወደ እርስ በርስ ግጭት እያመራች በነበረበት በዚያ ወቅት የዚህ ጭብጥ ትርጉም ለተመልካች የተሰወረ አልነበረም። በእነዚሁ ዓመታት ደራሲው ለእስር የተዳረጉ ሲሆን፣ ከቴአትር ቤቱ ኃላፊነታቸውም ተነስተዋል።

ከኃላፊነት መነሳታቸው ግን ከሙያው አላራቃቸውም። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቴአትር ጥበባት ትምህርት ክፍል በ1970 ዓ.ም. አካባቢ ሲቋቋም ከመሥራቾቹ አንዱ ነበሩ። ይህም ቀደም ሲል በልምድና በዝንባሌ ብቻ ይያዝ የነበረው ሙያ በከፍተኛ ትምህርት ደረጃ እንዲሰጥ መሠረት ጥሏል። አንድ ተውኔት በትእዛዝ ሊታገድ ይችላል፤ ሙያውን ተምሮ የሚወጣ ትውልድ ግን ከአንድ ሰው ሹመትና ሽረት ጋር አብሮ አይቆምም። በመሆኑም ከተቋማዊ ሥራዎቻቸው ሁሉ ረጅም ዕድሜ ያገኘው ይኸው ነው ማለት ይቻላል።

በደርግ ዘመን “ቴዎድሮስ”ን የመሳሰሉ ታሪካዊ ተውኔቶቻቸው በመድረክ ታይተዋል። ከሥርዓቱ ለውጥ በኋላም “ሀሁ ወይም ፐፑ”ን ጽፈዋል። የአፍሪካ አንድነት ድርጅት መዝሙር ግጥምም የእርሳቸው ድርሰት ነው። የሎሬትነት ማዕረግ ያገኙት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1997 ከዓለም አቀፍ የባለቅኔዎች ማኅበር ነው።

ሎሬት ጸጋዬ ባደረባቸው የኩላሊት ሕመም ምክንያት ወደ አሜሪካ ሄደው በኒውዮርክ ሲታከሙ ከቆዩ በኋላ የካቲት 18 ቀን 1998 ዓ.ም. በተወለዱ በ69 ዓመታቸው አርፈዋል። አስከሬናቸው ወደ አገራቸው ተመልሶ በአዲስ አበባ መንበረ ጸባዖት ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ተቀብሯል።