ጳውሎስ ኞኞ፦ የተራውን ሰው ጥያቄ ያከበረ ብዕረኛ

አራት ኪሎ የመንግሥትም የፊደልም ሰፈር ነው። በአደባባዩ መካከል የሚያዝያ 27 የድል ሐውልት ቆሟል። ቤተ መንግሥቱ ከዚያው ቁልቁል ነው፤ የዩኒቨርሲቲው የሳይንስ ግቢም ከአደባባዩ አይርቅም። በ1914 ዓ.ም. የተቋቋመው ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤትም በዚሁ ሰፈር ይገኛል። ንጉሠ ነገሥቱ ከስደት በተመለሱበት በ1933 ዓ.ም.፣ ግንቦት 30 ቀን፣ «አዲስ ዘመን» ጋዜጣ መታተም ጀመረ። ስሙ ነጻነት የተመለሰበትን ጊዜ የሚያበስር ነበር።

ጋዜጣው የመንግሥት እንደ መሆኑ ገጾቹን የሚሞሉት አዋጅ፣ ሹመት፣ ጉብኝትና የመሪዎች ንግግር ነበሩ። ቃሉ ከላይ ይወርዳል፣ አንባቢው ይቀበላል። በሌላው ዓለም እንዲህ ያለውን ጋዜጣ ለተራው ሰው የሚያቀርበው ብዙውን ጊዜ በሥዕል የሚነገር የቀልድ ዓምድ ነው። በአሜሪካ ከ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ጀምሮ አንባቢው ዋናውን ዜና አልፎ የሚሻው የካርቱን ሣጥን ነበር። በ«አዲስ ዘመን» ግን ይህን ቦታ የያዘው ሥዕል ሳይሆን ጥያቄና መልስ ነው። የዓምዱ ስም «አንድ ጥያቄ አለኝ» ሲሆን፣ አዘጋጁ ጳውሎስ ኞኞ ይባላል።

ጳውሎስ በ1926 ዓ.ም. በሐረርጌ፣ በቁልቢ ተወለደ። ቁልቢ በየዓመቱ ታኅሣሥና ሐምሌ 19 ቀን ምእመናን ስለታቸውን ይዘው ከየአቅጣጫው የሚጎርፉባት የቅዱስ ገብርኤል ደብር መገኛ ናት። አባቱ የግሪክ ተወላጅ፣ እናቱ ኢትዮጵያዊት ነበሩ። የጅቡቲው ባቡር ድሬዳዋን ካቆማት ወዲህ በምሥራቁ የአገራችን ክፍል ግሪኮች፣ አርመኖች፣ ዓረቦችና ሕንዶች ከአገሬው ጋር ተቀላቅለው ይነግዱና ይኖሩ ስለ ነበር፣ እንዲህ ያለ ትውልድ በዚያ አካባቢ እንግዳ አልነበረም።

ልጁ ገና ዳዴ ብሎ ሲነሣ የፋሺስት ኢጣልያ ጦር አገሪቱን ወረረ። ጠላት ሲባረር ጳውሎስ ገና ሰባት ዓመት ከጥቂት ወራት ብቻ ነበር። ከአርባ ዓመት በላይ ቆይቶ ስለዚያው ጦርነት ሰፊ መጽሐፍ የሚጽፈው ሰው የሕፃንነቱን ዓመታት ያሳለፈው በወረራ ሥር ነው ማለት ነው።

ስለ ጳውሎስ ሲነገር ዘወትር የሚነሣ አንድ ነገር አለ። የመደበኛ ትምህርቱ ከአራተኛ ክፍል አልዘለለም። በዚያ ዘመን ባሕር ማዶ ተምረው ዲግሪ ይዘው የሚመለሱ ወጣቶች በመሥሪያ ቤቱ ሁሉ ይከበሩ ነበር፤ ጽሑፍ የሊቅ ሥራ ነው የሚለው አመለካከትም ገና አልላላም ነበር። ጳውሎስ የሚያሳየው የምስክር ወረቀት አልነበረውም። የነበረው የማይጠግብ የንባብ ፍቅርና የሰማውን ሁሉ የመመዝገብ ትጋት ነው። የጎደለውን ትምህርት ያካካሰው በመጻሕፍት ሲሆን፣ መግቢያውን ያገኘውም በጋዜጣ በኩል ነው። ከ«አዲስ ዘመን» ሌላ በ«የኢትዮጵያ ድምፅ» ጋዜጣም ሠርቷል።

«አንድ ጥያቄ አለኝ» የተመሠረተበት ሐሳብ ቀላል ነበር። አንባቢ የከነከነውን ይጽፋል፤ ጋዜጠኛው ፈልጎ፣ አገላብጦና ጠይቆ ይመልሳል። ከጥያቄዎቹ አንዱ ስለ ፍቅርና ትዳር፣ ሌላው ስለ ታሪክ፣ ሌላው ስለ አንድ ቃል ትርጉም፣ ሌላው ስለ ሰው ገላ ወይም ስለ ሰማይ ከዋክብት ነው። አዘጋጁን ለመፈተን ወይም ለማፋጠጥ ብቻ የሚላክም አይጠፋም። ጳውሎስ ዕውቀት ለሚሻው ዕውቀቱን በአጭሩ ይሰጣል፤ ለሚያፋጥጠውም በዚያው ልክ የሰላ መልስ ይመልሳል። አንባቢ ሁለቱንም ይወድለት ነበር። ቀልዱ ዕውቀቱን አቅልሎ የሚያስውጥ ቅመም ሆነለት።

ያን ጊዜ የአንድ ገጽ ሥራ ከባድ ነበር። የግዕዝ ፊደል ከ200 በላይ መልክ ስላለው፣ ፊደል ለቃሚው ከየሣጥኑ እርሳሱን እየለቀመ ቃሉን ፊደል በፊደል ይደረድራል። ቦታው ጠባብ፣ ወረቀቱ ውድ በሆነበት ጋዜጣ የተንዛዛ ዓረፍተ ነገር አይመችም። የጳውሎስ አጭርና ጥርት ያለ አማርኛ ለዚህ ተስማሚ ነበር። ሊቃውንቱ የሚያከብሩትን ያጌጠ አጻጻፍ ትቶ ሰው በገበያና በቡና ላይ የሚናገረውን ቋንቋ ወደ ጋዜጣ አመጣ።

ይህ የቋንቋ ምርጫ ከአጻጻፍ ስልትም በላይ ነበር። በ1966 ዓ.ም. አብዮቱ ሲፈነዳ ማንበብና መጻፍ የሚችለው ኢትዮጵያዊ ከመቶ ሰው ከአሥር አይበልጥም ነበር። ስለዚህ ጋዜጣ ከሚያነበው ይልቅ ሲነበብ የሚሰማው ይበዛል። ተማሪ ልጅ ለአባቱ፣ ጸሐፊ ለባለጉዳይ፣ ባለሱቅ ለደንበኛው ያነብባል። ለጆሮ የማይቀል ጽሑፍ ከነዚህ ሰዎች ዘንድ አይደርስም። ያልተማረ ሰው ጥያቄም የተማረው ጥያቄ በሚታተምበት ገጽ ላይ ቦታ ማግኘቱ፣ ለዘመኑ ትንሽ ነገር አልነበረም።

ገደብ አልነበረም ማለት ግን አይደለም። ጳውሎስ የሠራው በንጉሡም በደርግም ዘመን ነው። በሁለቱም ዘመን ጋዜጣው የመንግሥት ነበር፤ ሳንሱሩም በሁለቱም ዘመን አልተነሣም። መንግሥት የሚጠየቅበት ዓምድ ሊኖር አይችልም። ሆኖም መጠየቅ ራሱ ልማድ ነው። ስለ ጨረቃና ስለ ጥንት ነገሥታት ያለ ኀፍረት መጠየቅ የለመደ አንባቢ፣ የሰማውን ሁሉ አሜን ብሎ ከመቀበል አንድ እርምጃ ርቋል። የዓምዱ ትልቁ ውለታም ይኸው ነው፤ አላውቅም ብሎ መጠየቅን ከነውርነት አወጣው።

ጥያቄ የመመለስ ሥራ ጳውሎስን ወደ ታሪክ መራው። ስላለፉት ነገሥታትና ጦርነቶች መልስ የሚሻ ሰው ማስረጃ መቆፈር አለበት፤ የቆፈረውም በዓምድ የሚያልቅ አልሆነም። በ1980 ዓ.ም. «የኢትዮጵያና የኢጣልያ ጦርነት»ን አሳተመ። በ1984 ዓ.ም. «አጤ ምኒልክ» ወጣ፤ «አጤ ቴዎድሮስ» ደግሞ በ1985 ዓ.ም. ታተመ። እነዚህ መጻሕፍት በዩኒቨርሲቲ የሠለጠነ የታሪክ ተመራማሪ ሥራዎች ስላልሆኑ ከሌሎች ጥናቶች ጋር እየተነጻጸሩ ሊነበቡ ይገባል። ነገር ግን የታሪክን መጽሐፍ ከመደርደሪያ አውርዶ በተራው አንባቢ እጅ በማስገባት የእነርሱን ያህል የተሳካላቸው ጥቂት ናቸው።

ድካሙ በይበልጥ የሚታየው በምኒልክ ደብዳቤዎች ላይ ነው። የቤተ መንግሥቱ ጸሐፊዎች ንጉሡ ለየአገሩ ሹማምንት የላኩትን ቃል በመዝገብ ገልብጠው ያስቀሩ ነበር። ጳውሎስ እነዚህን ደብዳቤዎች ሰብስቦ ለኅትመት አዘጋጀ። ንጉሡ በአገር ውስጥ የተጻጻፏቸው ደብዳቤዎች በመጽሐፍ መልክ ለአንባቢ የቀረቡት በ2003 ዓ.ም. ነው፤ አዘጋጁ ካረፈ 19 ዓመት ገደማ ሆኖታል። በአድዋ ድል ብቻ የሚታወሱት ንጉሥ በነዚህ ገጾች ላይ በየዕለቱ የሚጽፉ፣ የሚያዝዙና የሚቆጡ አስተዳዳሪ ሆነው ይታያሉ። የታሪክ ጸሐፊ የራሱን ቃል ወደ ጎን ብሎ ሰነዱን ለአንባቢ ማስረከቡ፣ በዓምዱ ላይ ከያዘው እምነት ጋር አንድ ነው፤ ሰው ማስረጃው ከተሰጠው ራሱ ይፈርዳል።

ጳውሎስ ኞኞ በ1984 ዓ.ም. በ58 ዓመቱ አረፈ። በጥቅምት 1985 ዓ.ም. የፕሬስ ነጻነት አዋጅ ወጣ፤ ቅድመ ምርመራም በሕግ ቀረ። የግል ጋዜጦችና መጽሔቶች በፒያሳና በአራት ኪሎ አደባባዮች ላይ በየአዟሪው ክንድ ተደርድረው ታዩ። ዕድሜውን ሙሉ በሳንሱር ሥር የጻፈው ሰው በጥቂት ወራት ልዩነት ይህን ቀን ሳያይ ቀረ። ሕዝቡን ሲያለማምደው የኖረው ጥያቄ ወደ መንግሥት በር ሲቀርብ ምን ይመልስ እንደ ነበር ማየትም ለአንባቢዎቹ አልታደለም።

ዛሬ ማንም ሰው የእጅ ስልኩን አውጥቶ የፈለገውን ይጠይቃል፤ መልሱም በቅጽበት ይደርሰዋል። መልሱ እውነት መሆኑን ግን ማንም አይዋስለትም። የጳውሎስ ዓምድ መልስ ዘግይቶ ይደርስ ነበር፤ ከሥሩ ግን ስሙ የሚታወቅ፣ ቢሳሳት የሚወቀስ ሰው ነበረበት። አንባቢው ጥያቄውን አምኖ የሚልክለትም በዚህ ምክንያት ነው። ከአራተኛ ክፍል የወጣው የቁልቢ ልጅ ለአገሩ ጋዜጠኞች የተወላቸው ውርስ ጥያቄን አለመናቅና ለሰጡት መልስ በስም መቆም ነው።