አሃዳዊ መንግሥት ፈልጎ ለፌዴራል የተሟገተው ሰው፦ አሌክሳንደር ሃሚልተን

ባለ 10 ዶላር ኖት አይታችሁ ታውቃላችሁ? ላዩ ላይ ያለው ሰውዬ ፕሬዚዳንት ሆኖ አያውቅም። አሌክሳንደር ሃሚልተን ይባላል።

👉 የተወለደው ካሪቢያን ውስጥ፣ ኔቪስ ደሴት ነው። አባቱ ጥሏቸው ሄደ፤ እናቱም በልጅነቱ ሞተችበት። ንግድ ቤት ውስጥ ጸሐፊ ሆኖ ሲሠራ፣ እ.ኤ.አ. በ1772 ስለደረሰ አውሎ ነፋስ የጻፈው ደብዳቤ ጋዜጣ ላይ ወጣ። ሰዎች ገንዘብ አዋጥተው ለትምህርት ወደ ሰሜን አሜሪካ ላኩት።

👉 ከእንግሊዝ ጋር በተደረገው ጦርነት የጄኔራል ዋሽንግተን ረዳት ሆነ። ወታደሩ ይራባል፣ ልብስና ጫማ የለውም። ኮንግረሱ ግን ግብር መሰብሰብ ስለማይችል 13ቱን ግዛቶች ይለምናል። የፈለገው ይሰጣል፣ ያልፈለገው ዝም ይላል። ሃሚልተን ይህን አልረሳውም።

👉 በ1787 ፊላደልፊያ ላይ ሕገ መንግሥት ሲረቀቅ ተነስቶ ለሰዓታት ተናገረ። የግዛት ገዢዎችን ማዕከሉ ይሹም፣ እነሱም የግዛቱን ሕግ መሻር ይችሉ የሚል ሐሳብ አቀረበ። ይሄ እኮ ለአሃዳዊ ሥርዓት የቀረበ ነው!

ልዩነቱ ምንድን ነው? በአሃዳዊ ሥርዓት የክልሎች ሥልጣን ከማዕከሉ የሚሰጥ ነው፤ ማዕከሉ በሕግ መልሶ ሊወስደው ይችላል። በፌዴራል ሥርዓት ግን ሥልጣኑን የሚያከፋፍለው ሕገ መንግሥቱ ነው፤ አንዱ የሌላውን ድርሻ ብቻውን መንጠቅ አይችልም።

👉 የሃሚልተን ሐሳብ ደጋፊ አጣ። ጉባኤው የመረጠው ፌዴራልን ነው። እሱ ግን አኩርፎ አልቀረም፤ ፈረመ። ከዚያ ከማዲሰንና ከጄይ ጋር ሆኖ ሕገ መንግሥቱን የሚደግፉ 85 ጽሑፎች አወጡ፤ 51ዱ የእሱ እንደሆኑ ይታመናል። በ1788 ኒውዮርክ ሕገ መንግሥቱን ያጸደቀችው 30 ለ27 በሆነ ድምፅ ነው። ለጥቂት!

👉 የመጀመሪያው የገንዘብ ሚኒስትር ሆኖ በ1790 የግዛቶችን የጦርነት ዕዳ ማዕከላዊው መንግሥት እንዲከፍል አስወሰነ። በለውጡ ዋና ከተማዋ ወደ ደቡብ፣ ፖቶማክ ወንዝ ዳር እንድትሆን ተስማማ።

በ1804 ከምክትል ፕሬዚዳንቱ አሮን በር ጋር ሽጉጥ ተማዘዘ፤ ተመትቶ በማግስቱ ሞተ።

የፈለገውን ሥርዓት አላገኘም። ግን የተስማሙበትን እንዲሠራ አደረገው።

እናንተስ ሐሳባችሁ ቢሸነፍ ውጤቱን ተቀብላችሁ ትሠራላችሁ? ኮሜንት ላይ ጻፉልን 👇