ናዛሬኖ ስትራምፔሊ፦ የስንዴ አገዳን ያሳጠሩት ሊቅ

ኢጣልያ በፓስታዋና በዳቦዋ የታወቀች አገር ብትሆንም፣ በሃያኛው ክፍለ ዘመን መግቢያ ለሕዝቧ የሚበቃ ስንዴ አታመርትም ነበር። ይህን ችግር ለማቃለል ዕድሜአቸውን የሰጡት ናዛሬኖ ስትራምፔሊ፣ በማርኬ ክፍለ ሀገር በክሪስፒዬሮ መንደር በ1866 ተወለዱ (ዓመታቱ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)።

በ1903 ስለ ስንዴ እርሻ እንዲያስተምሩና እንዲመራመሩ በሪዬቲ ከተማ ተመደቡ። የሪዬቲ ነባር ስንዴ ዋግን ይቋቋማል፤ ነገር ግን አገዳው ረጅምና ደካማ በመሆኑ፣ ማዳበሪያ አግኝቶ ዛላው ሲከብድ እየጋሸበ መሬት ላይ ይተኛል። ጉዳዩ መሐንዲስ ከሚያውቀው የምሰሶ ችግር ብዙም የተለየ አይደለም፤ ጭነቱ ሲጨምር ቁመቱ ካልቀነሰ ወይም አካሉ ካልጠነከረ ምሰሶው ይጎብጣል።

ብዙዎች ከነባሩ ዘር መልካም መልካሙን መምረጥ ይበቃል ሲሉ፣ ስትራምፔሊ ማዳቀልን መረጡ። የእያንዳንዱን አበባ ወንዴ ክፍል በወረንጦ እየነቀሉ በሌላ ዝርያ ብናኝ ማዳቀል ትዕግሥት የሚፈታተን ሥራ ነው። በዚህም ባለቤታቸው ካርሎታ ፓሪዛኒ የቅርብ ረዳታቸው ስለነበሩ፣ ከተገኙት ዝርያዎች አንዱ በስማቸው ተሰየመ።

በ1913 ከሪዬቲና ዊልሄልሚና ከተባለው ምርታማ የሆላንድ ስንዴ የተዳቀለውን ዘር፣ አካጎሙጊ ከሚባል አጭርና ቶሎ ደራሽ የጃፓን ስንዴ ጋር አዳቀሉ። አካጎሙጊ ለብቻው ለኢጣልያ ገበሬ እምብዛም የማይጠቅም ነበር፤ ሆኖም አርዲቶ፣ ሜንታናና ቪላ ግሎሪ ከዚህ ተገኙ። አገዳቸው አጭር በመሆኑ በቀላሉ አይጋሽቡም፤ ቀድመው ስለሚደርሱም የበጋው ሐሩር ሳይጎዳቸው ይታጨዳሉ። ለፓስታ የሚሆነውን ጠንካራ ስንዴ በተመለከተም፣ ከሰሜን አፍሪካ ዘር የመረጡትን ሴናቶሬ ካፔሊን በ1923 ለገበሬው አበረከቱ።

ሙሶሊኒ በ1925 የስንዴ ዘመቻ ባወጀ ጊዜ የተመካው በእነዚህ ዘሮች ነበር። በ1933 የአገሪቱ ምርት 8 ሚሊዮን ቶን ያህል ደረሰ። ዘመቻው ግን ለግጦሽና ለሌላ አዝመራ የሚሻለውን መሬት ሳይቀር ለስንዴ አዋለ፤ ብዙ ነባር ዘሮችም ከማሳ ወጡ።

ስትራምፔሊ በ1942 በሮም አረፉ። ሜንታና በኋላ በሜክሲኮ ለኖርማን ቦርሎግ የማዳቀል ሥራ አገልግሏል። ረጅሙ ካፔሊም አረምን በጥላው ስለሚያፍን፣ ያለ ኬሚካል በሚያርሱ የኢጣልያ ገበሬዎች ማሳ እንደገና ይዘራል። የአዲሱ ዘር መሠረት ነባሩ ሪዬቲና የተናቀው አካጎሙጊ መሆናቸውን ያስተዋለ ሰው፣ ዛሬ ጥቅም የለውም የተባለውን ዘር ለመጣል አይቸኩልም።