ደጃዝማች ባልቻ ሳፎ (አባ ነፍሶ)፤ ወረራን ከሦስት ወገን ያዩ ሰው

አንድ መንግሥት ጦሩን አስከትቶ፣ ድንበር ተሻግሮ የሌላውን ሕዝብ ምድር ሲይዝ ሥራው በቅን ኅሊና ትክክል ነው ሊባል ይቻላልን? በዓለም ላይ ጦርነት በተነሣ ቁጥር ይህ ጥያቄ አብሮ ይነሣል፤ በትምህርተ ክርስቶስ ክፍልም ወጣቶች ቢጠይቁን መልስ ሊኖረን ይገባል። ለዚህ የሚረዳን አንድ የታወቀ ሕይወት ከዚሁ ከጉራጌ ምድር እናገኛለን፤ እርሱም የደጃዝማች ባልቻ ሳፎ፣ በፈረስ ስማቸው የአባ ነፍሶ ሕይወት ነው። ብዙዎቻችን የምናውቃቸው በዓድዋ መድፈኛነታቸው ነው። ነገር ግን በልጅነታቸው የዘመቻ ጉዳተኛ፣ በጎልማሳነታቸው በጦር በተያዘ አገር ላይ ገዥ፣ በእርጅናቸው ደግሞ ወራሪን ተከላክለው የወደቁ አርበኛ ነበሩ። (በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።)

የልጅነት ዘመን

ባልቻ በ1850ዎቹ አጋማሽ በጉራጌ ምድር በአገምጃ ተወለዱ። በ1860ዎቹ መጨረሻ የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ ጦራቸውን ወደ ጉራጌ አዘመቱ። ክስታኔዎች በሰላም ሲገቡ፣ በሰባት ቤት ጉራጌ በኩል ግን ውጊያው ለዓመታት ቀጠለ፤ የቀቤናው ሐሰን እንጃሞ በራስ ጎበና ድል የሆኑት በ1881 ዓ.ም. አካባቢ ነው። በዚያ የዘመቻ ዘመን ብላቴናው ባልቻ በጦር ሜዳ ቆስሎ፣ በወቅቱ በነበረው ክፉ ልማድም ተሰልቦ እንደ ተገኘ ታሪኩን የጻፉ ሰዎች ያወሳሉ። ከዚያም ወደ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ተወስዶ አደገ።

ዘማቾቹ ሥራቸውን አገር ማቅናት ይሉት ነበር። ከታሪክ ጸሐፊዎች አንዳንዶቹ የጥንቱን አንድነት መመለስ ነው ሲሉ፣ ሌሎቹ ወረራ ነው ይላሉ፤ ክርክሩም እስካሁን አላበቃም። በሜዳ ወድቆ ለተገኘው ልጅ ግን ነገሩ የተጠራበት ስም ቁስሉን አላሻረለትም። የምንፈርደው ጦሩን ባዘመተው ሰው ቃል ብቻ ሳይሆን ጦሩ ባረፈበት ሰው ሥቃይም ጭምር መሆን እንዳለበት ከዚህ እንማራለን።

በመቀሌና በዓድዋ

ባልቻ በቤተ መንግሥት በታማኝነታቸውና በጀግንነታቸው ከፍ እያሉ ሄደው በጅሮንድ ተባሉ፤ የመድፈኛውም ጦር አዛዥ ሆኑ። ኢጣሊያ በሚያዝያ 1881 ዓ.ም. በተፈረመው የውጫሌ ውል አንቀጽ 17 አሳብባ ኢትዮጵያ በእኔ ጥበቃ ሥር ናት አለች። ዐፄ ምኒልክ ፈጥነው ጦር አላነሡም፤ ተቃውሟቸውን በደብዳቤ ገለጹ፣ በ1885 ዓ.ም.ም ውሉን መሻራቸውን ለአውሮፓ መንግሥታት አስታወቁ። የኢጣሊያ ጦር መረብን ተሻግሮ ትግራይን በያዘ ጊዜ ግን የኢትዮጵያ ሕዝብ ተጠርቶ ዘመተ። በመቀሌ የተከበበው የኢጣሊያ ጦር ከነመሣሪያው እንዲወጣ ተፈቀደለት። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዓድዋ በተደረገው ጦርነት የበጅሮንድ ባልቻ መድፎች ያደረጉት ተጋድሎ እስከ ዛሬ በሕዝብ ግጥም ይወሳል።

ይህ መከላከል ነበር፤ ፍትሐዊም ነበር። ሆኖም ሐቁን መደበቅ አይገባንም። ከድሉ በኋላ ለኢጣሊያ ያደሩ ብዙ የኤርትራና የትግራይ ምርኮኞች ቀኝ እጃቸውና ግራ እግራቸው ተቆርጧል። በፍትሕ የተጀመረ ጦርነትም ቢሆን እጁን የሰጠን ሰው አካል ሲያጎድል ከፍትሕ መንገድ ይወጣል። ባልቻን በልጅነታቸው የጎዳውና እነዚህን ምርኮኞች ያጎደለው ክፋት አንድ ዓይነት ነው።

በሲዳሞ ገዥነት

ከዓድዋ ድል በኋላ ባልቻ ሲዳሞን ለብዙ ዓመታት ገዙ፤ ደጃዝማች ተፈሪ መኰንን በ1902 ዓ.ም. ከመሾማቸው በፊትም ሐረርን አስተዳድረዋል። ሲዳሞ ወደ ምኒልክ ግዛት የገባው በጦር ኃይል ነው። በገባር ሥርዓት መሠረት ለሰፈረው ወታደርና ለሹማምንቱ የአገሩ ገበሬ ተመድቦ ግብር ይገብር፣ ጉልበቱንም በነጻ ይሰጥ ነበር። ደጃዝማች ባልቻም በዚህ ሥርዓት ላይ ተቀምጠው በጠንካራ እጅ ገዙ።

ራሱ በዘመቻ የተጎዳ ልጅ አድጎ በዘመቻ በተያዘ ሕዝብ ላይ ገዥ ሆነ። ይህን የምንጽፈው የጀግናን ስም ለማጉደፍ አይደለም። ጦር ኃይል አንድን አገር የሚይዝበት ቀን ያልፋል፤ ቀንበሩ ግን ለልጅ ልጅ ይተርፋል። ስለዚህ ወረራ የሚመዘነው በውጊያው ቀን ብቻ ሳይሆን ከዚያ በኋላ በሚያቆመው አገዛዝም ነው።

ሳይዋጉ የተፈታ ጠብ

በ1920 ዓ.ም. ደጃዝማች ባልቻ ከአልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ጋር ባላቸው አለመግባባት ብዙ ሺህ ጦር አስከትለው አዲስ አበባ ደረሱና በንፋስ ስልክ ሰፈሩ። እርሳቸው በቤተ መንግሥት ግብር ላይ ሳሉ፣ በሰፈር የቀረው ጦራቸው በራስ ካሣ አግባቢነትና በገንዘብ ተበተነ። ባልቻም ጦር እንደሌላቸው ባዩ ጊዜ እጃቸውን ሰጡ። ታስረው ከተፈቱ በኋላ ከሹመት ርቀው የምንኵስና ኑሮ ያዙ። ታላቅ ደም መፋሰስ ያስከትል የነበረው ጠብ በብልሃት በረደ። የሰላም መንገድ ሁሉ ተሞክሮ አልቋል ከማለታችን በፊት ይህን ማስታወስ ይገባናል።

የመጨረሻው ዘመን

መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. የፋሺስት ኢጣሊያ ጦር እንደገና መረብን ተሻገረ። ምክንያት አላጣም፤ በኅዳር 1927 ዓ.ም. በወልወል የደረሰው ግጭት፣ የኢጣሊያ የመሬት ጥበት፣ ሥልጣኔን ማስፋፋትና ባርነትን ማጥፋት ተጠቀሱ። ባርነት በአገራችን በእርግጥ ነበረ፤ ኢትዮጵያም በ1916 ዓ.ም. ወደ መንግሥታት ማኅበር ስትገባ ልታጠፋው ቃል ገብታ ነበር። ነገር ግን የጎረቤት ቤት ስለ ቆሸሸ በር ሰብሮ ቤቱን መውረስ አይፈቀድም። ሥልጣኔ አመጣለሁ ያለው ጦርም በሕዝብ ላይ የመርዝ ጋዝ ረጨ።

ከወረራው ጥቂት ቀደም ብሎ፣ ነሐሴ 21 ቀን 1927 ዓ.ም.፣ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 11ኛ ለካቶሊካውያን ነርሶች ሲናገሩ የሌላውን ለመያዝ ብቻ የሚደረግ ጦርነት ፍትሕ የሌለው መሆኑን፣ የመስፋፋት ፍላጎትም በራሱ መብት እንደማይሆን አስገንዝበው ነበር። ጦርነቱ ከተጀመረ በኋላ ግን ወራሪውን በስም ጠርተው በይፋ አላወገዙም፤ ብዙ የኢጣሊያ ጳጳሳትም ዘመቻውን በአደባባይ ደገፉ። እኛ የካቶሊክ ልጆች ይህን በሐዘን እናስታውሳለን። አገርን መውደድ የኅሊናን ዓይን ሲጋርድ የቤተ ክርስቲያን እረኛም ሊሰናከል ይችላል። የመንግሥታት ማኅበርም ኢጣሊያ ቃል ኪዳኑን ማፍረሷን አረጋግጦ ሳለ ነዳጅ እንኳ አልከለከላትም።

አዲስ አበባ ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. በጠላት እጅ ወደቀች። ሽማግሌው ባልቻ በዚያን ጊዜ ሰባ ዓመት አልፏቸዋል፤ በጸጥታ መኖር በቻሉ ነበር። ነገር ግን ለወራሪው መገዛትን እምቢ አሉ። እንደሚተረከው፣ እጃቸውን ይሰጣሉ ብለው ወደ መጡት የኢጣሊያ ወታደሮች ተኩሰው፣ ከጥቂት ታማኞቻቸው ጋር በ1929 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ተዋግተው ወደቁ። ዛሬ በአዲስ አበባ አንድ ሆስፒታል በስማቸው ይጠራል።

ምን እንማራለን?

ቅዱስ አውግስጢኖስና ቅዱስ ቶማስ ዘአኵይኖ ጦርነት በፍትሕ እንዲሆን ሕጋዊ ሥልጣን፣ እውነተኛ ምክንያትና ቅን ፈቃድ እንደሚያሻ አስተምረዋል። በ1985 ዓ.ም. የወጣው የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስም በጦር ኃይል ራስን መከላከል የሚፈቀድባቸውን ሁኔታዎች ያጠብቃል። አጥቂው ያደረሰው ጉዳት ከባድ፣ ዘላቂና የተረጋገጠ ሊሆን ይገባል፤ ሌላው መንገድ ሁሉ የማይሠራ መሆኑ መታየት አለበት፤ የመሳካት ተስፋ ሊኖር ያስፈልጋል፤ መሣሪያውም ከሚወገደው ክፋት የባሰ ክፋት ማምጣት የለበትም። እንግዲህ ይህ ሁሉ የተነገረው ስለ መከላከል እንጂ ስለ መውረር አይደለም። ኢትዮጵያም ከመሥራቾቹ አንዷ ሆና በ1937 ዓ.ም. የፈረመችው የተባበሩት መንግሥታት ቻርተር ጦርን በሌላ አገር ላይ ማንሣትን ከልክሎ ራስን የመከላከልን መብት ጠብቋል። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ ደግሞ በ2013 ዓ.ም. ፍራቴሊ ቱቲ በተሰኘው መልእክታቸው፣ በዛሬው የጦር መሣሪያ ዘመን ጦርነትን ፍትሐዊ ነው ማለት እጅግ አዳጋች መሆኑን አስተምረዋል።

ታዲያ በጎረቤት አገር ሕዝብ በገዛ ገዥዎቹ ቢታረድ ዝም ይባላልን? አይባልም። ነገር ግን እርዳታው በመንግሥታት ማኅበር ተመክሮበትና ተወስኖበት ሊሆን ይገባል፤ ሊወርስ የሚፈልገው ወገን ብቻውን የሚፈርደው ነገር አይደለም። አባቶቻችን በየጆካ ሸንጎ ሲዳኙ የሁለቱን ወገን ቃል በሽማግሌ ፊት ይሰማሉ፤ ከሳሽ ራሱ ዳኛ አይሆንም። ወራሪ ግን በአንድ ጊዜ ከሳሽ፣ ዳኛና ቅጣት ፈጻሚ ይሆናል። የወረራ ትልቁ ኃጢአት ይህ ነው።

ስለዚህ፣ ውድ ምእመናን፣ መስፈሪያችን አንድ ይሁን። ኢጣሊያ በዓድዋና በማይጨው በእኛ ላይ ያደረገችውን ወረራ ካልን፣ የገዛ አባቶቻችንም ሆኑ ሌሎች ኃያላን በደካማው ላይ ያደረጉትን በዚያው መስፈሪያ እንስፈር። የትምህርተ ክርስቶስ መምህራንም የባልቻን ታሪክ ስትተርኩ መድፉን ብቻ ሳይሆን በሜዳ የወደቀውን ብላቴናና የሲዳሞን ገባር አብራችሁ አስታውሱ። ሰው ቤቱን መጠበቁ የተገባ ነው፤ በሌላው ቤት ላይ መሠልጠኑ ግን ምንም ዓይነት መልካም ስም ቢሰጠው አይጸድቅም።

የሰላም አለቃ የሆነው ጌታችን ለአገራችንና ለጎረቤቶቿ፣ በጦርነት ለሚሠቃየውም ሕዝብ ሁሉ ሰላሙን ይስጥ። አሜን።