ቪክቶር ጎልድሽሚት፦ የንጥረ ነገሮችን መንገድ ያጠኑ ሊቅ

በዚህ ዓመት ለተማሪዎቻችን የምናስተዋውቃቸው ሊቅ የዘመናዊ ጂኦኬሚስትሪ አባት የሚባሉት ቪክቶር ጎልድሽሚት ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1888 በስዊዘርላንድ፣ ዙሪክ ከአይሁድ ቤተሰብ ተወለዱ። አባታቸው የኬሚስትሪ መምህር ስለነበሩ ቤተሰቡ በ1901 ለሥራ ወደ ኖርዌይ ሄደ። ጎልድሽሚት በዚያው ተምረው በ26 ዓመታቸው ፕሮፌሰር ሆኑ።

ትልቁ ጥያቄያቸው አንዱ ንጥረ ነገር በዚህ፣ ሌላው በዚያ ለምን ይከማቻል የሚል ነበር። ለመልሱ ከሰማይ የወደቁ ድንጋዮችን፣ ማለትም ሜትሮራይቶችን መረመሩ። ብዙዎቹ ከ4.5 ቢሊዮን ዓመት በፊት ፕላኔቶች ሲፈጠሩ የተረፉ ናቸው። በውስጣቸው ብረቱ፣ ድኝ ያለበት ክፍልና ድንጋያማው ክፍል ተለይተው ይታያሉ። ኒኬልና ወርቅ ብረቱን፣ መዳብ ድኙን፣ ካልሲየምና አሉሚኒየም ድንጋዩን ይመርጣሉ።

ቅልጥ አለት ሲቀዘቅዝ ማዕድናት እየረጉ ይወጣሉ። በጥቂቱ የሚገኙ ንጥረ ነገሮች አብረው መግባታቸውን በዋናነት የሚወስኑት የአየናቸው መጠንና የኤሌክትሪክ ቻርጃቸው ናቸው። የማይመጥኑት በቅልጡ ውስጥ ይቀራሉ፤ ጨዋማ ውሃ በዝግታ በረዶ ሲሆን ጨው ገና ባልረጋው ውሃ እንደሚከማች ማለት ነው። በሀገራችን በጉጂ፣ ቀንጢቻ የሚገኘው ታንታለም የተከማቸው በዚሁ መንገድ፣ ከመጨረሻው ቅልጥ ነው።

ጎልድሽሚት በ1929 ወደ ጀርመን፣ ጎቲንገን ሄደው አስተማሩ። ናዚዎች አይሁድን ሲያሳድዱ በ1935 ሥራቸውን ለቀው ወደ ኖርዌይ ተመለሱ። ጀርመን ኖርዌይን ከያዘች በኋላ፣ በ1942 ታስረው አይሁዶችን ወደ አውሽዊትዝ ለሚወስድ መርከብ ወደብ ላይ ደረሱ። እውቀታቸው ይጠቅማል ተብሎ በመጨረሻው ሰዓት ከሰልፉ ወጡ። ከተጫኑት አብዛኞቹ ግን ተገደሉ። እሳቸውም ወደ ስዊድን፣ ከዚያም ወደ ብሪታንያ ተሰደዱ። በ1946 ወደ ኖርዌይ ተመልሰው በ1947 በ59 ዓመታቸው አረፉ። ጂኦኬሚስትሪ የተሰኘው ትልቁ መጽሐፋቸው በ1954 ታተመ።

ልጆቻችን፣ ከዚህ ታሪክ የተማረ ሰው ይተርፋል የሚለውን ብቻ እንድትወስዱ አንፈልግም። ያልተማሩትም መትረፍ ይገባቸው ነበር፤ የሰው ክብር በሙያው አይለካም። ከሀገር ርቀን በቶንፒንግ ለምንኖር ግን አንድ ሌላ ትምህርት አለ። ጎልድሽሚት ቤተ ሙከራቸውን ደጋግመው ጥለው ሄደዋል፤ ጥያቄያቸውን ግን በሄዱበት ሁሉ ይዘውት ሄደዋል። እናንተም በየሄዳችሁበት መጠየቅን አትተዉ።