የራማኑጃን ብርድ ልብስ

ዶርም ስለገባንበት የመጀመሪያ ዓመት ስናነሣ ብዙ ጊዜ የምናወራው ሳቅ ሳቁን ነው። እኔ ዘንድሮ የአንድ ሌላ ፍሬሽ ታሪክ ላምጣ። ስሪኒቫሳ ራማኑጃን ይባላል፤ የሒሳብ ክፍል መምህሮቻችን ከእኔ በላይ ያውቁታል።

የተወለደው በ1887 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ደቡብ ሕንድ ውስጥ ነው። ሁለት ኮሌጅ ገብቶ፣ ከሒሳብ በስተቀር ሌላውን ትምህርት ዞር ብሎ ስላላየው ዲግሪ ሳይዝ ወጣ። ማድራስ ወደብ በወር 30 ሩፒ ጸሐፊ ሆኖ ሲሠራ፣ በ1913 ካምብሪጅ ለሚያስተምረው ለሃርዲ ቀመሮቹን በደብዳቤ ላከለት። ሃርዲም ጠራው። ለብራህሚን ወገን ባሕር መሻገር ነውር ስለነበር እናቱን ማሳመን ቀላል አልሆነም። በመጨረሻ ጠጉሩን ተቆርጦ፣ ልጅ እግር ሚስቱን ጃናኪን አገር ቤት ትቶ ማርች 1914 መርከብ ተሳፈረ።

መጀመሪያ አንድ መምህር ቤት ሰነበተና ከሳምንታት በኋላ ትሪኒቲ ኮሌጅ ክፍል ተሰጠው። ብርዱ ሲጀምር ማሃላኖቢስ የሚባል፣ ኋላ ትልቅ የስታትስቲክስ ሊቅ የሆነ፣ የአገሩ ልጅ ሊጠይቀው መጣ። ሌሊት ይሞቀው እንደሆን ቢጠይቀው፣ ካፖርት ለብሶ ሻል ደርቦ እየተኛም ብርዱን እንዳልቻለው ነገረው። ማሃላኖቢስ መኝታ ክፍሉ ገብቶ ቢያይ ብርድ ልብሱ ሞልቷል፤ በእንግሊዞቹ ወግ ዙሪያውን ከፍራሹ ሥር ተወትፎ ተነጥፏል። ራማኑጃን የሚተኛው ከላይ ከተጣለው የአልጋ ልብስ ሥር ብቻ ነበር። ብርድ ልብሱን ገልጦ መሃሉ መግባት እንዳለበት ያሳየው ሰው የለም። ስንት ሊቅ ባለበት ግቢ! ማሃላኖቢስ አሳየው።

የምግቡ ነገር ግን እንዲህ በአንድ ምሽት የሚፈታ አልነበረም። ሥጋ አይነካም፤ ሥጋ የነካው ድስትም አይሆንለትም። ስለዚህ ካፌ አይገባም፣ ክፍሉ ውስጥ ራሱ ያበስላል። ለእኛ በሶና ድርቆሽ እንደሚላክልን ለእሱም ከአገር ቤት ቅመም ይላክለት ነበር። ብዙም ሳይቆይ የዓለም ጦርነት መጣ፤ ግቢው ውስጥ የቁስለኞች ሆስፒታል ተቋቋመ፣ አትክልትና ወተት እንደ ልብ አልገኝ አለ። እሱ ደግሞ ሥራ ከያዘ ቀንና ሌሊት አይለይም፤ ሲደክመው እንዳገኘ በልቶ ይተኛል። ካፌ የማይገባ ተማሪ ሰው የሚያገኝበት ሰዓትም ይቀርበታል። ከሚስቱ ደብዳቤ ሲጠብቅ ደግሞ እናቱ እየያዘች አታሳልፈውም ነበር።

በ1917 ታመመ። ሐኪሞቹ የሳንባ ነቀርሳ ነው ብለው ከሳናቶሪየም ሳናቶሪየም አዘዋወሩት። በ1918 መጀመሪያ ላይ ለንደን ውስጥ የምድር ውስጥ ባቡር ሐዲድ ላይ ራሱን ጣለ፤ ባቡሩ በመድረሻው ቆሞለት ተረፈ። በዚያው ዓመት የብሪታንያ ሮያል ሶሳይቲ አባል፣ ትሪኒቲም የኮሌጁ ፌሎው አድርገው መረጡት።

በ1994 ሕመሙን መልሶ ያጠና አንድ ተመራማሪ፣ በሽታው የሳንባ ነቀርሳ ሳይሆን ወጣት ሳለ ከያዘው ተቅማጥ የተረፈ የጉበት አሜባ ሳይሆን አይቀርም የሚል ሐሳብ አቅርቧል። ከመቶ ዓመት በኋላ በሌለ በሽተኛ ላይ መፍረድ ለእኔም ይከብደኛል። ግን እዚህ አገር የሚሠራ ሐኪም ትኩሳቱ ሄድ መጣ የሚል፣ የከሳ ሰው ሲያይ ጉበቱን ሳይዳስስ አይለቀውም። ኤሜቲን የሚባለው የአሜባ መድኃኒት ደግሞ ያኔም ነበር። የሚቆጨኝ ይኼ ነው።

በ1919 አገሩ ገባ። ጃናኪ አጠገቡ ሆና አስታመመችው፤ እሱም አልጋው ላይ ሆኖ ቀመር መጻፉን አልተወም። ኤፕሪል 26 ቀን 1920 በ32 ዓመቱ አረፈ። ያኔ የጻፋቸው ወረቀቶች ተዘንግተው ቆይተው፣ በ1976 አንድሪውስ የተባለ አሜሪካዊ የሒሳብ ሊቅ አገኛቸው፤ እዚያው ትሪኒቲ፣ ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ።