ሰር ፒተር ሜዳዋርና የባዕድ አካል ምሥጢር

ሰር ፒተር ብራያን ሜዳዋር እ.ኤ.አ. በ1915 በብራዚል ከሊባኖሳዊ አባትና ከእንግሊዛዊት እናት ተወለዱ። በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳትን ሳይንስ አጥንተው እዚያው በተመራማሪነት ሲሠሩ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ፈነዳ።

በ1940 አንድ የጦር አውሮፕላን ከመኖሪያ ቤታቸው አጠገብ ወድቆ አንድ አየር ኃይለኛ ክፉኛ ተቃጠለ። ሐኪሞች ምክር ቢጠይቋቸውም መፍትሔ አልነበራቸውም። ከቁስለኛው ከራሱ ገላ የሚወሰደው ቆዳ ቃጠሎውን ለመሸፈን አይበቃም፤ ከሌላ ሰው የሚወሰደው ደግሞ ጥቂት ሰንብቶ ይሞታል። ይህ ጥያቄ የሕይወታቸው ሥራ ሆነ።

በግላስጎው ከቀዶ ሐኪሙ ከቶማስ ጊብሰን ጋር በ1943 ባወጡት ጥናት፣ ከሌላ ሰው ተወስዶ ለሁለተኛ ጊዜ የተተከለ ቆዳ ከመጀመሪያው ይልቅ ፈጥኖ እንደሚጠፋ አሳዩ። በሽታን የሚዋጋው የሰውነት መከላከያ ኃይል ባዕዱን ቆዳ ለይቶ ያውቃል፤ ያወቀውንም አይረሳም ማለት ነው።

ከዚህ በኋላ መንታ ጥጆች አስደነቋቸው። እርስ በርስ የማይመሳሰሉ መንታ ጥጆች የአንዳቸውን ቆዳ ሌላው ተቀበለ። ምክንያቱ በእናታቸው ማሕፀን ሳሉ ደማቸው በመቀላቀሉ ነበር። ሜዳዋርም ከቢሊንግሃምና ከብሬንት ጋር ሆነው ገና ባልተወለዱ አይጦች ውስጥ የሌላ ዘር አይጥ ሕዋሳትን አስገቡ። አይጦቹ ካደጉ በኋላ የዚያን ዘር ቆዳ ተቀበሉ። ውጤቱ በ1953 ታተመ፤ በ1960ም ከአውስትራሊያዊው ከበርኔት ጋር የኖቤል ሽልማት አስገኘላቸው።

ይህ ዘዴ በሰው ላይ በቀጥታ የሚሠራ አልነበረም፤ ሰው ከመወለዱ በፊት የማን ኩላሊት እንደሚያስፈልገው ሊታወቅ አይችልምና። ሆኖም እንቅፋቱ የማይወገድ አለመሆኑን አረጋገጠ። ሜዳዋር በ1969 በአንጎል ደም መፍሰስ ግማሽ አካላቸው ቢሰንፍም ምርምራቸውንና ጽሑፋቸውን ሳያቋርጡ በ1987 በለንደን አረፉ።

ጥያቄያቸው ግን ዛሬም ሕያው ነው። በአገራችን የኩላሊት ንቅለ ተከላ እ.ኤ.አ. በ2015 በአዲስ አበባ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ተጀመረ። ከጉብሬም ሆነ ከሌላ ሥፍራ መጥቶ ኩላሊት የተተከለለት ሰው፣ ኩላሊቱ እስካለ ድረስ የመከላከያ ኃይሉን የሚያዳክም መድኃኒት በየቀኑ ይወስዳል። መድኃኒቱ ቢቋረጥ ኩላሊቱ ይጠፋል፤ ቢወሰድ ደግሞ በሽተኛው ለተላላፊ በሽታ ይጋለጣል።

ከዚህ አጣብቂኝ ለመውጣት ከሚሞከሩት መንገዶች አንዱ የዘረ መል ሕክምና ነው። አካሉ ከለጋሹ ወጥቶ ከመተከሉ በፊት፣ እንዳይራባ የተደረገ ቫይረስ ጠቃሚ ዘረ መል ተሸክሞ ወደ ሕዋሳቱ ይገባል፤ አካሉም ጥቃቱን የሚያበርደውን ፕሮቲን ራሱ ያመርታል። በዚህ ዓይነት ዘዴ በእንስሳት ላይ የአካሉን መጥፋት ማዘግየት ተችሏል። የቶሮንቶ ሐኪሞችም በ2009 ለንቅለ ተከላ ብቁ ባልሆኑ የሰው ሳንባዎች ላይ ከሰውነት ውጭ ሞክረው መሻሻል ማየታቸውን ገልጸዋል። ዘዴው ገና የዕለት ተዕለት ሕክምና አልሆነም። ይሁን እንጂ መላውን ሰውነት ከማዳከም ይልቅ የተተከለውን አካል ብቻ ለመጠበቅ የሚደረገው ይህ ጥረት፣ ሜዳዋር በአይጦቻቸው ካረጋገጡት ተስፋ የሚመነጭ ነው።